መካነ ሰላም በአራት ትናንሽ ጎማዎች

ሻንጣችን ውስጥ ከገባው ዕቃ ሁሉ ብዙ ቦታ የያዘችው መኪናዋ ነበረች። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለልጄ ስምንተኛ ዓመት ልደት የላካት ናት፤ በሪሞት የምትነዳ፣ መጠኗ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሚሆን። ከእሷ ጋር በፌስታል የታሰሩ ሁለት ተጨማሪ የጎማ ዓይነቶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው አራት አራት። ልጄ ለአምስት ቀን ጉዞ አሥራ ሁለት ጎማ ሲይዝ እኔ የያዝኩት ሁለት ጥንድ ጫማ ነው።

ወደ መካነ ሰላም የሄድነው ግን መኪና ለመንዳት አልነበረም። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አባቴ ብቻውን ይኖራል። ግራ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ መሪ ከጨበጠ ቆይቷል። እኔና ወንድሜ በስልክ ተመካክረን ጨርሰናል፦ ገናን አብሬው አሳልፌ፣ ቀስ ብዬ አሳምኜ፣ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ልመጣ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው ሊገዛ ያላሰበውን ነገር እንዲያስብበት በማድረግ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሴት አንድ ሽማግሌ አባት ማሳመን አያቅተኝም ብዬ ነበር የተነሳሁት።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን 401 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ጨርሰን ደሴ አደርን። ከደሴ መካነ ሰላም ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ብርዱ ነው። ሚኒባሱ ከከተማዋ ወጥቶ ዳገቱን ጨርሶ ጉጉፍቱ ላይ ሲደርስ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። ጉሙ ሲገለጥ በመንገዱ ዳር ጅባራዎች ቆመው አየን። ልጄ "ዛፍ ነው አበባ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሳላውቅ የኖርኩትን ረዳቱ መለሰለት፤ "ጅባራ ነው፣ ብርድ ካልመታው አይወድም።"

ከዚያ ለጋምቦ ይቀጥላል። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ አጥር፣ በግ፣ ባና የደረቡ እረኞች። አቀስታ ላይ ሻይ ጠጣን። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ሦስት ልጆች የሽቦ መኪና እየገፉ ሲያልፉ ልጄ ብርጭቆውን ትቶ ተነሳ። የሽቦ መኪና ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ አለ ብዬ አላስብም ነበር፤ የእኔው ሆኖ ተገኘ። የአንዱ መኪና ጎማ ከቆርኪ የተሠራ ነው፤ የሌላው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ የተከረከመ። ባለ ነጠላ ጫማው ቀድሞ ይሄዳል። ባለ ቆርኪው ኮረቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ይቆማል፣ ልጁ ያነሳዋል። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ የአምስቱ ቀን ትምህርት እዚያ ሻይ ቤት በር ላይ ተሰጥቶኝ አልፏል።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በአምባ ላይ ትቀመጣለች። ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ይወርድበታል፤ ታች ዓባይ ነው፣ ማዶው ጎጃም። ወደ ላይ ያለው ደጋ ደግሞ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካ ነው፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። ልጅ ሆኜ የማውቃት ከተማ አሁን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ቁርስ ቤትና ባጃጅ በዝቶባታል። አቧራዋ ግን የድሮው ነው። በታኅሣሥና በጥር ጫማ መጥረግ እዚያ ትርፍ ድካም ነው።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። "አብሽሩ፣ አብሽሩ፣ ደከማችሁ" እያለ ሻንጣውን ተቀበለኝ። ልጄን ጉንጩን ሳመው። ልጄም ሳመው። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ለስድስት ዓመት በስልክ "እንዴት ነህ? ደህና። ትምህርት እንዴት ነው? ደህና" ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚሉት ያልቅባቸዋል። እራት ላይም እንዲሁ ነበሩ። ልጄ ቴሌቪዥን ጠየቀ፤ አባቴ ራዲዮ ከፈተለት።

በማግሥቱ ጠዋት ልጄ መኪናዋን አወጣ።

ከቤቱ ጀርባ ወደ ጎረቤት ማሳ የምትወጣ የእግር መንገድ አለች፤ ሃያ እርምጃ ያህል ትሆናለች። ክረምቱ ካለቀ ጀምሮ ከብትና ሰው ሲረግጣት የከረመች ናት። እግር ሲያርፍባት አቧራው እንደ ዱቄት ይነሳል። መኪናዋ ጮኸች፣ የኋላ ጎማዎቿ ተሽከረከሩ፣ የአቧራ ደመና አስነሳች፣ ከቦታዋ ግን አልሄደችም። ልጄ ይበልጥ ነካት። ይበልጥ ቆፈረች። ዕንባው መጣ፤ "ተበላሸች" አለ።

ሣጥኗ ላይ በትልቁ "ለማንኛውም መሬት" የሚል ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ቃል የምንጽፈው እኛ ነን። እኔም ለሌላ ዕቃ ጽፌ አውቃለሁ። ጻፊው ቢሮ ተቀምጦ ነው የጻፈው፤ "ማንኛውም መሬት" የሚባል መሬት የለም።

አባቴ የፀሐይ ቁርሱን እየተቀበለ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ መጣ፣ ቁጢጥ አለ፣ መኪናዋን ሳይሆን አፈሩን ነካ። በጣቱ ላዩን ጠረገው፤ ከሥሩ ጠንካራ፣ የተወቀጠ መሬት ወጣ።

"ላዩ ዱቄት ነው፣ ታቹ ምጣድ ነው" አለ ለልጄ። "ጎማህ የጨበጠው ዱቄቱን ነው። ምጣዱን አላገኘውም።"

አባቴ በወጣትነቱ ፊያት 682 ነበር የሚነዳው፤ ሾፌሮች "ኤንትሬ" የሚሉትን። ከዚህ ደጋ እህል ጭኖ ደሴና ኮምቦልቻ ያወርዳል። መንገዱ ያኔ ፒስታ ነበር፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ወንድሜ አሥር ዓመት ሲሞላው ጋቢና ውስጥ እየተኛ፣ ዳገት ላይ ወርዶ ታኮ እያስገባ አብሮት ይዞር ነበር። እኔ ሴት ስለሆንኩ አልሄድኩም። ስለ ጎማ አንድም ቃል ነግሮኝ አያውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። ያን ጠዋት ቁጢጥ ብሎ ለልጄ ሲነግረው ከኋላ ቆሜ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ፌስታሉን ፈታነው። ስም ያወጣላቸው ልጄ ነው። መኪናዋ ይዛ የመጣችው ጎማ ወፈር ያለ፣ ጥርሱ አጭርና የተጠጋጋ ነው፤ "ሰፊው" አልነው። ሁለተኛው ረጃጅምና የተራራቁ ሾጣጣ ጥርሶች አሉት፤ ልጄ "ጃርቱ" አለው። ሦስተኛው ጥቃቅን ፍሬ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ላስቲኩም ከሁሉ ይለሰልሳል፤ እሱን "ጤፉ" ያልኩት እኔ ነኝ።

በቢዝነስ ትምህርት ከተማርኩት ውስጥ እስከ ዛሬ የምሠራበት አንድ ነገር አለ፦ ሁለት ነገር ስታወዳድሪ ሌላውን ሁሉ አትቀያይሪ። ስለዚህ ዳገቱ ያው፣ ሹፌሩ ያው፣ ባትሪው በየጊዜው ሞልቶ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ ሦስት ሙከራ። ሰዓት በስልኬ። ሰፊው ሦስቱንም ጊዜ መሐል ላይ ቀረ። ጤፉ አንዴ ወጣ፣ ሁለቴ ተንሸራቶ ተመለሰ። ጃርቱ ሦስቱንም ጊዜ ሳይቆም ወጣ፤ ስድስት ሰከንድ አካባቢ። ልጄ ጮኸ። የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ላይ ታዩ።

ምክንያቱ አባቴ እንዳለው ነው። የላላ አፈር ላይ ጎማ የሚይዘው በመጣበቅ ሳይሆን በመቆንጠጥ ነው። ረጅሙ ሾጣጣ ጥርስ አቧራውን አልፎ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይወጋል። የተራራቀ መሆኑ ደግሞ በጥርሶቹ መሐል የገባው አፈር እንዲራገፍ ያደርጋል። ጥርሶቹ ከተጠጋጉ አፈሩ እዚያው ይታሸጋል፤ ያኔ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን መላጣ ጎማ ነው። ሰፊው ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ብናነሳው ጥርሱ አይታይም፣ ሁሉም በአቧራ ተደፍኗል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ጉዳይ ዓለም ብዙ ርቋል። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአሸዋና ለአፈር የተሠሩ የሪሞት መኪናዎችን ለገበያ አቀረበ፤ በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴል ማር በተባለ ቦታ የመጀመሪያው የአንድ አሥረኛ መኪናዎች የአፈር ላይ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ዛሬ ተወዳዳሪዎች ለላላ አፈር፣ ለረጠበ አፈር፣ ለተደለደለ አፈር የተለያየ ጎማ፣ ለአንዱም የጥርስ ቅርፅ ለስላሳና ጠንካራ ላስቲክ ይዘው ነው የሚመጡት። ለስላሳው ጥሩ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ይቆያል፣ ግን ይንሸራተታል። ይህን ያወቅኩት ማታ ከወንድሜ ጋር በስልክ ስናወራ ነው። አባቴ ከጎኔ ሆኖ ያዳምጣል። "እኛም እኮ እንዲሁ ነበርን፤ ልዩነቱ አንድ ጎማ ነበር ያለን" አለ።

በሁለተኛው ቀን መኪናዋን የሚከተሉ ልጆች ሰባት ሆነዋል። አባቴ ፊት ፊት ይሄዳል። "አሁን የበሬ አስፋልት ላሳያችሁ" አለ። የወሰደን አውድማ ነው። ጤፉ ተወቅቶ እህሉ ገብቷል፤ መሬቱ በእበት የተለቀለቀ፣ በበሬ እግር የተደለደለ፣ የተጠረገ ነው። ባለቤቱን አስፈቀደ። ሰውየው መኪናዋን ገልበጥ አድርገው አዩአት፣ ሳቁ፣ "ጫማችሁን አውልቁና ግቡ፤ እሷ ግን ከነጎማዋ ትግባ" አሉን።

አውድማው ላይ ጃርቱ አዋረደን። ረጃጅም ጥርሶቹ የሚገቡበት አፈር ስላጡ እየታጠፉ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ስትታጠፍ ወደ ጎን ተንሸራተተች። ጤፉን ገጠምንላት። ጥቃቅኖቹ ፍሬዎች መሬቱን በብዙ ቦታ ነኩት፣ ለስላሳው ላስቲክ ያዘ፣ መኪናዋ እንደ ንብ ዞረች። ትናንት ዳገቱ ላይ የተሸነፈው ጎማ ዛሬ ንጉሥ ሆነ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን የኋላዎቹ ጥርሶች ጫፍ መዶልዶም ጀምሮ ነበር።

ሰፊው ቦታውን ያገኘው ሳንጠብቅ ነው። ከአውድማው ስንመለስ በታረሰ ማሳ በኩል አቋረጥን። አፈሩ ጥልቅና የላላ ነው፤ ምጣድ የለውም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ዱቄት ነው። ጃርቱ እዚህ ራሱን ቀበረ፤ በቆፈረ ቁጥር ሰመጠ። ሰፊው ግን ክብደቷን በሰፊው ዘርግቶ ላዩ ላይ እየተንሳፈፈ፣ እየዘገየ ተሻገረ። ከታች የሚወጋ ጠንካራ ነገር ከሌለ ከመስመጥ መንሳፈፍ ይሻላል። በትልቅ መኪናም አሸዋ ውስጥ የሚገቡ ሾፌሮች የጎማውን አየር ቀነስ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው፤ ጎማው ይተኛና መሬቱን በሰፊው ይረግጣል።

ጭቃውን አላስረዝመውም። ቦኖው አጠገብ ውሃ የፈሰሰበት ዋልካ አለ፤ ሦስቱም ተራ በተራ የጭቃ ኳስ ሆነው ወጡ። አጠብናቸው።

አየር ስል ትዝ አለኝ። አባቴ ጎማዎቹን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ ሲፈልግ ቆይቶ "የሚነፋው በየት በኩል ነው?" አለኝ። አይነፋም። ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ቅርፁን የሚጠብቀው እሱ ነው። ጎማው ሲጨፈለቅ አየር እንዲወጣና እንዲገባ ቸርኬው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ችግሩ በዚያችው ቀዳዳ አቧራና ውሃም ይገባል፣ ስፖንጁ ይጠጣል፣ ጎማው ይከብዳል፣ አንዱ ከሌላው ይለያያል። ወንድሜን ብንጠይቀው ብዙዎች የቸርኬውን ቀዳዳ ዘግተው ጎማው ላይ፣ መሬት በሚነካበት በኩል፣ ጥቃቅን ቀዳዳ እንደሚበሱ ነገረን፤ ሲሽከረከር የገባውን ወደ ውጭ ይወረውረዋል።

አባቴ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ የእናቴን ወስፌ ይዟል። የስፌት ሙዳይዋን ከቀብሯ ወዲህ የከፈተው አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት ላስተካክለው ብዬ ስነካው "ተዪው" ብሎኛል። ወስፌውን ከሰል ላይ አጋለው፣ ልጄ ጎማውን ያዘለት፣ በደህናው ዓይኑ አነጣጥሮ በሳው። ሁለት ቀዳዳ በአንድ ጎማ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ወስፌውን በጨርቅ ጠረገው፣ በብርሃን አየው፣ ወደ ቦታው መለሰው። ምንም አላልኩም፤ ቡና ልቁላ ብዬ ተነሳሁ።

ሰፊውን ያሻሻለው በምላጭ ነው። በየመሐሉ አንድ አንድ ረድፍ ጥርስ እየዘለለ ቆረጠ፤ ጠጋ ጠጋ ያለው ራራቀ፣ አፈር የሚራገፍበት ቦይ ተከፈተ። ማታውኑ ዳገቱ ላይ ሞከርነው። እንደ ጃርቱ አልፈጠነም፣ ግን ወጣ። ወንድሜ በቪዲዮ ሲያይ የውድድር ሰዎችም ጥርስ እየቆረጡ እንደሚያሻሽሉ ነገረው። አባቴ ቀና አለ፤ "ለካ እነሱም ምላጭ ነው የሚጠቀሙት" አለ። ያን ያህል ሲደሰት ካየሁት ቆይቻለሁ።

እንዲህ ያለች መኪና ለልጆቻችሁ ለመግዛት ካሰባችሁ ከእኔ የተሻለ ስህተት ሥሩ። ሣጥኑን ከማንበባችሁ በፊት ልጁ የሚነዳበትን መሬት በጣታችሁ ጥረጉት። አንዲት መኪና ከሁለት ዓይነት ጎማ ጋር፣ አንድ ዓይነት ጎማ ካላቸው ሁለት መኪናዎች ትበልጣለች። ጎማና ቸርኬዋ መጣበቃቸውን በእጃችሁ ፈትሹ፤ የእኛ በሦስተኛው ቀን አንዱ ለቀቀና ከሱቅ በተገዛ ሱፐር ግሉ አጣበቅነው። (ሱፐር ግሉን አዋቂ ይያዘው፤ አባቴ ጣቱን ከጎማው ጋር አጣብቆ ሁላችንንም አስቆናል።) ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሰው አጠገቡ ይኑር። መኪናዋ ካልወጣች ደግሞ አትንኳት። ልጄ ጃርቱን ገጥሞ ጋዙን በአንዴ ሲለቀው መኪናዋ ፊቷን አንስታ ወደ ኋላ ተገልብጣለች። አባቴ አውራ ጣቱን በልጄ አውራ ጣት ላይ አድርጎ "አባብላት፤ ዳገት በቁጣ አይወጣም" እያለ አብሮ ነዳ። እንዲህ ተያይዘው ሳያቸው አሥር ደቂቃ ቆመዋል።

በአራተኛው ቀን ገበያ ወጣን። ድሮ በረባሶ ይሸጥበት ወደነበረው ጥግ ወሰደን፤ አሁንም አንድ ሰው አለ። ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ጫማ ይቆርጣል። አባቴና ሰውየው ይተዋወቃሉ፤ "ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጅ ይዘው መጡ" አለው። አባቴ ሁለት ሶል አንስቶ ለልጄ አሳየው። አንዱ ላይ ወደ ፊት የሚሄዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ አሉ። ሌላው ላይ ትላልቅ ጥርሶች።

"ይህ ከፊት ጎማ የተቆረጠ ነው፣ ይህ ከኋላ። የፊቱ ሥራው መምራት ነው፤ መስመሩ አፈሩን እንደ ማረሻ ይይዝና ወደ ጎን እንዳትሄድ ያደርጋል። የኋላው ሥራው መግፋት ነው። አንተ አራቱንም አንድ ዓይነት አድርገሃል። ለዚህ ነው ስትታጠፍ መሪዋ የማይሰማህ።"

የመኪናችን ኃይል ያለው በኋላ ጎማዎቿ ላይ ብቻ ነው፤ ወንድሜን ጠየቅነው። እንዲህ ላለች መኪና ፊት ላይ ቀጭን፣ ባለ መስመር ጎማ እንደሚገጠም አረጋገጠልን። እንደሚያውቅ፣ ግን መላክ እንደረሳ አምኗል። አባቴ ዓይኑ በሞራ በተጋረደበት፣ በሪሞት የምትነዳ መኪና ከዚያ ሳምንት በፊት አይቶ በማያውቅበት ሁኔታ፣ ከአንድ በረባሶ ተነስቶ የደረሰበት ነው።

የመጣሁበትን ጉዳይ ያነሳሁት በመጨረሻው ማታ ነው። ሦስተኛው ቡና ላይ፣ በረካ እየተቀዳ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሐኪም ቅርብ ነው፣ ልጁ ይወድሃል፣ ብቻህን ነህ። ብቻህን ነህ የሚለውን ልናገር ስል አጥሩ ላይ "ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ትወጣለች?" የሚል የልጅ ድምፅ ተሰማ። ስለ መኪናዋ ነው።

አባቴ ዝም ብሎ ሰማኝ። ሁሉንም እስክጨርስ ጠበቀ። ከዚያ "ቤትሽ ስንተኛ ፎቅ ነው?" አለኝ።

"አራተኛ።"

"ግቢው አፈር አለው?"

"ኮብልስቶን ነው፣ አባዬ።"

ሲኒውን አስቀመጠ። "ለኮብልስቶን ጎማ መምረጥ አያስፈልግም" አለ።

ልሟገት እችል ነበር። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ደንበኛ አይቼ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ዙር ይዘጋጅለታል፣ ቅናሽ ይደረግለታል። አልሞከርኩም። በምትኩ ስለ ዓይኑ ተነጋገርን። ለዓይኑ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊሄድ ተስማማ፤ ከፋሲካ በኋላ፣ እኔም መጥቼ አብሬው ልሆን። ወንድሜ ስነግረው ተቆጣ። "ልታመጪው ነበር የሄድሽው" አለኝ። ልክ ነው። አሁንም ሌሊት ስልኬ ሲጮህ ልቤ ይመታል፤ ይህን አልደብቅም።

ልጄ መኪናዋን እዚያው ትቷት መጣ። ተው ያለው የለም። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ሪሞቱን ለአባቴ ሰጠው፤ "ባትሪው ሲያልቅ ደውልልኝ፣ ቻርጁን አሳይሃለሁ" አለው። መንገድ ላይ አቀስታ ስንደርስ ያለቀሰ መሰለኝ፤ ጉጉፍቱ ላይ ጅባራውን ቆጠረ።

አሁን በየቅዳሜው ይደዋወላሉ። "እንዴት ነህ፣ ደህና" የሚለው ቀርቷል። ጤፉ አልቋል። ጃርቱ አለ። የነጠላ ጫማ መኪና ያለው የጎረቤት ልጅ ከሰፊው ላይ የተቆረጡትን ጥርሶች ለቅሞ በራሱ መኪና ጎማ ላይ ለጥፏቸዋል፤ ዳገቱን ይወጣል አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳይጠራኝ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አመጣው፤ አባቴ የሚያዘው ነገር ነበረው።

"የኋላው ገና ጥርስ አለው" አለኝ። "የፊቱን ብቻ ይዘሽ ነይ። ቀጭኑን፣ ባለ መስመሩን። ሁለት ይበቃል።"